ቡናችን ይጻፍ፦ «ሁሉም ያውቀዋል» ለሚለው ጽሑፍ ከጎንደር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቡና ባህላችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔም ጋ ደረሰ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የቡና ባህላችንን መመዝገብም ሆነ ቀን ቆርጦ ማክበር ትርፉ ድካም ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ቡና ማፍላትን ሁሉም ቤት ያውቀዋል፤ ወረቀት ላይ ካሰፈሩት ይሞታል። ጎንደር ደግሞ የቡና አገር አይደለችም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለዘመናት ከልክላዋለች። ታሪኩ ከካልዲና ከፍየሎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ባህሉን አበላሽቶታል፤ ስለዚህ የሚመዘገብ ንጹሕ ነገር አልቀረም። በመጨረሻም ገንዘብ ከተገኘ ለገበሬው ይዋል እንጂ ለቱሪስት ድግስ አይዋል ይላሉ።

ጸሐፊው ቡና የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከእያንዳንዱ መስመር ያስታውቃል። እኔም በወዳጅነት ነው የምመልሰው። ግን በአንዳንዱ ነጥብ ግማሽ በግማሽ፣ በሌላው ጭራሽ አልስማማም። ዓመቶቹን የማነሳው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እሳቸውም እንደዚያ ስለጻፉ አንባቢ እንዳይምታታበት ብዬ ነው።

«ሁሉም ያውቀዋል» ከሚለው ልጀምር። እስቲ እንጠያየቅ። አዲስ ጀበና ከቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ ቤት ሲገባ እንዴት ነው የሚሟሸው? እናቶቻችን በደንብ አጥበው፣ የቡና አተላ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው ያፈሉታል። ያን ይደፉታል። እንደገና ያፈሉታል። የጭቃው ሽታ እስኪለቅ፣ የሸክላው ሆድ ቡና እስኪጠግብ። በደንብ ያልተሟሸ ጀበና ያንጠባጥባል፤ ቡናውም አፈር አፈር ይላል። ይህን ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎጆ የወጡ ወጣቶች ስንቶቹ ያውቁታል? ብዙዎቹ የተሰነጠቀ ጀበና መሰላቸውና ጥለውት ሌላ ገዙ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ቡና ሲቆሉ ዓይናቸው ምጣዱ ላይ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ነው የሚያወሩት። የሚሠራው ጆሯቸው ነው። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ከሰሉን በቁራጭ እንጨት ወደ ዳር ገፋ ያደርጉታል። ማማሰያውን አያቆሙም። መንጣጣቱ ጋብ ሲል፣ ቡናው ወዝ ሲያወጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብለው ምጣዱን ያያሉ፤ ያወርዱታል። ከዚያ ጭሱን በእጃቸው ወደየሰው ያርገበግቡታል። ይህን ከእናታቸው ነው የለመዱት። ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። የልጅ ልጃቸው የተፈጨ ቡና ከሱቅ ትገዛለች። ልጅቷን የሚወቅሳት የለም፤ ትምህርትም ሥራም አለባት። ግን ያ ጆሮ ከእሳቸው በኋላ ወደ ማን ይተላለፋል? «ሁሉም ያውቀዋል» የምንለው ነገር እንዲህ ነው ድምፁን አጥፍቶ የሚሄደው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

«ከተጻፈ ይሞታል» የሚለውንም አልቀበልም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት ይከብዳል። ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ የሚዘለው ወጣት መዝለሉን ተወ? አልተወም። እስከ 2023 ድረስ በዚሁ መዝገብ መስቀልን በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ የገዳን ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀትን በ2019፣ የሐረሩን ሹዋሊድ በ2023 አስመዝግበናል። ቡና እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቱርክ የቡና ባህሏን ያስመዘገበችው በ2013 ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኦማንና ኳታር የዐረብ ቡናን በጋራ ያስመዘገቡት በ2015 ነው። ይገባቸዋል፤ ሥራቸውን ሠርተዋል። ለዩኔስኮ ለማቅረብ መጀመሪያ አገሩ ራሱ ባህሉን ከባለቤቶቹ ጋር ሆኖ መዝግቦ መያዝ አለበት። እኛ የጎደለን ቡና አይደለም፤ መዝገቡ ነው።

ደግሞ ጸሐፊው ራሳቸው መዝግበዋል እኮ። ጽሑፋቸው ውስጥ እናታቸው ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ጣል አድርገው ስለሚሰጧቸው ቡና የጻፉት አንቀጽ አለ። ከጽሑፉ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። እሱን በመጻፋቸው የእናታቸው ቡና ምኑ ተጎዳ?

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የከተማዬ ጉዳይ ነው። «ጎንደር የቡና አገር አይደለችም» ይላሉ። ቡናው የበቀለው በደቡብ ምዕራቡ ጫካ መሆኑን ማንም አይክድም። የከፋና የያዩ የቡና ደኖች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ዕውቅና አግኝተዋል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም የተሠራው ቦንጋ ነው፤ ቦታውም እዚያው ነው። የከፋን ድርሻ ለጎንደር ላድርግ የሚል ሰው ከመጣ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ።

ግን ማን ተሸከመው? ማን ነገደው? ማን ከለከለው፣ ማንስ ፈቀደው? እዚህ ላይ ጎንደር ብዙ የምትለው አላት።

ከእናርያና ከከፋ የተነሳው ቡና ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያ በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎንደር አንዱ መንገድ በዓድዋ አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል፤ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ንግድ የሞቀ ነበር። የሩቁን ንግድ የያዙት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከተማዋ በአፄ ፋሲል በ1636 ተቆረቆረች። በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ቁልቁል ወደ ቀሃ ወንዝ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የዚያ ታሪክ አካል ነው። ቡናውም ከነጋዴዎቹ ጋር እዚያው ሰፈር ነበር።

«በእኛ በኩል ቡና አይበቅልም» የሚለውም ትክክል አይደለም። ጣና ዳር ዘጌ አለች። ትውፊቱ እንደሚለው ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ለዘጌ የተሰጡት በአቡነ በትረ ማርያም ነው። መሬቱ በበሬ እንዳይታረስም በግዝት ከልክለዋል ይባላል። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ዛሬም በቡና ደን ተከበው ነው ያሉት። የዘጌ መነኮሳትና ሕዝብ ቡና ለቅመው ኖረዋል። «ቤተ ክርስቲያን ቡናን ከለከለች» የሚለው አንድ መስመር ዘጌ ላይ ሲደርስ ይጠበዋል። የሚሰፋው ደግሞ ሲጻፍ ነው።

ክልከላው ነበር ወይ? ነበር። ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ክርስቲያኑ እንዳይቀምሰው ይወገዝ ነበር። ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። የጊዜው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማስወገድ ብዙ ረድተዋል። ጸሐፊው ይህን ያነሱት ጎንደርን ከጉዳዩ ለማስወጣት ነው። ለእኔ ግን ጎንደር የምትገባበት በር ይሄው ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ፣ ከታች ደግሞ የነጋዴዎቹ ሰፈር። በመካከላቸው ያለውን ዳገት ቡናው እንዴት ወጣው? መጀመሪያ የፈላው በማን ቤት ነው? ማንስ ተቆጣ? ማን ደብቆ ጠጣ?

ዛሬ የሚታየውን ተመልከቱ። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ ነው። የየራሱ ባራኪ አለው፤ ይህም በመከባበር የቆየ ነው። ቡናው ግን የጋራ ነው። በፋሲካም በዒድም ልጅ ይላካል፦ «ቡና ደርሷል፣ ኑ ተብላችኋል።» ከአንድ ጀበና ይጠጣል። ሽማግሌው ወይ ባልቴቷ በየእምነታቸው ይመርቃሉ፤ ሁሉም አሜን ይላል። አንድ ጊዜ ሰውን ከሰው የለየ መጠጥ ዛሬ ሰው ሳይጠራጠር የሚካፈለው ሆኗል። ይህ ለውጥ በጎንደር እንዴት እንደመጣ የሚነግሩን አያቶቻቸው የነገሯቸውን ያቆዩ አዛውንት ናቸው። እነሱ ደግሞ እያለፉ ነው። «ጎንደር ምን አገባት» ማለት እነሱን ሳንጠይቅ እንሸኛቸው ማለት ይሆናል።

ስለ ካልዲ ብዙ አልልም። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ለልጆች እንነግረዋለን። ግን በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በ1671 ሮም ላይ በታተመ ድርሳን ነው፤ ጸሐፊው አንቶንዮስ ናይሮን የሚባል የማሮናውያን (የሊባኖስ ክርስቲያኖች) ምሁር ነበር። እዚያ ላይ እረኛው ካልዲ የሚል ስም የለውም። የራሳችንን ነገር ሳንጽፍ ስንቀር የሌላ ሰው ተረት ታሪካችን ይሆናል። ጎንደር ቤተ መንግሥት በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጻፈው እንኳ ከዚህ ይሻላል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ሩቅ ሲዘምቱ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው ስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። እንግዳ ሰው ነው፤ ስህተትም አያጣውም። ግን ጻፈ፤ ስለዚህ ዛሬ እናውቀዋለን። ያን ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ምን ይሉ እንደነበር ግን አናውቅም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ መንገድ ዳሩ ጀበና ቡና። ጸሐፊው እዚህ ላይ ተቆጥተዋል። የፕላስቲክ በርጩማ፣ በቄጠማ ፈንታ የፕላስቲክ ሣር፣ ከአንድ ሲኒ በኋላ ሒሳብ ከፍሎ መሄድ። ቶና የለ፣ በረካ የለ። ቅሬታቸው ይገባኛል። ቡናን ቡና የሚያደርገው ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ነው፤ ወሬው የሚበስለው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ኀዘንተኛ የሚጽናናው ያኔ ነው። ቡና አጣጭ የሌለው ሰው ጎንደር ውስጥ ምን ያህል እንደሚከፋው እናውቃለን። ይህ ሲያጥር እኔም ያሳስበኛል።

ግን ፒያሳ፣ ማራኪ ወይ አዘዞ መንገድ ዳር ያለችውን ልጅ እስቲ ቀረብ ብለው ይዩዋት። ጠዋት ቡናዋን አጥባ ትቆላለች። ከሰሉን ታያይዛለች። እጣኗን ታጨሳለች። ጀበናው ሲገነፍል አንስታ ዘንበል ታደርገዋለች፤ አተላው እስኪዘቅጥ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ከከፍታ በቀጭኑ ትቀዳለች፤ አንዲት ጠብታ ረከቦቱ ላይ አይወድቅም። ይህን በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ታደርገዋለች። ቤታችን ውስጥ እየጠፋ ያለውን ሙያ በእጇ ይዛ ያለችው እሷ ናት። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ ትከፍላለች፤ ታናናሾቿን ታስተምራለች። ጎብኚ በቀነሰባቸው ባለፉት ዓመታት የከተማው ቡና ያልተቋረጠው በእነዚህ ልጆች ነው። ባህል አበላሺ ከማለት በፊት ስሟን መጠየቅ ይቀድማል።

አዲስ ነገር ባህላችን ውስጥ ሲገባም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የጣልያን ወረራ ፒያሳን ትቶልን ሄደ፤ ማኪያቶንም እንዲሁ። ወረራውን አንወደውም፤ አርበኞቻችን ደም አፍስሰውበታል። ማኪያቶውን ግን ዛሬ የባዕድ ነው ብሎ የሚተወው የለም። መዝገብ ይህንንም መያዝ አለበት። መቼ ገባ፣ መጀመሪያ የት ተቀዳ፣ ጀበናውን ገፋው ወይስ አብሮት ኖረ?

«ንጹሕ» ስለተባለው የድሮ ቡና ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ንጹሕ ቡና የፈላበትን ጀበና ማን ሠራው? በጎንደር ዙሪያ ሸክላ ለብዙ ዘመን በቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ነበር። ባሎቻቸው ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ እነሱ ጭቃ ይሠራሉ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በዚህ ትታወቃለች። ጀበናቸውን እየገዛን ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያልን ሸሸናቸው። ርስት እንዳይኖራቸው ተከለከሉ። ልጅ ሲታመም የእነሱ ዓይን ነው ተባለ። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ላይ ዛሬም ሸክላ ይሠራል፤ ግን የነዚያ ባለሙያ ሴቶች ስም በየቤታችን የለም። ጀበናቸው ግን ነበር፤ በየቀኑ እጃችን ላይ ነበር።

ስለዚህ ማክበር ሲባል ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ልጅ በሆቴል አዳራሽ ፈንድሻ ስትበትን ፎቶ ማንሳት ብቻ ከሆነ፣ ጸሐፊው እንዳሉት ይቅር። እኔ የምለው መዝገብ ደስ የሚለውንም የሚያሳፍረውንም የሚይዝ ነው። ቡናውን ሦስት ጊዜ በቀን ማፍላት ለሴቷ ምን ያህል ድካም እንደሆነም መጻፍ አለበት። ስንት ልጅ «ቡና አፍዪ» እየተባለች ከጥናቷ ተነስታለች። ባልቴቶቹን ስትጠይቋቸው ይህን አይደብቁም፤ የሚደብቀው የፖስተሩ ፎቶ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የገንዘብ ነው። «ለገበሬው ይዋል።» ማን ይጠላል? ግን መመዝገብን ከገበሬው ጥቅም ጋር ማጋጨት ውሃ አያነሳም። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ያከራከራት ስሞቹ ዋጋ ስላላቸው ነው። በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። የክርክሩ ዋና ነገር ጆንያ ቡና አልነበረም፤ ስም ነበር። በ2020 የመጀመሪያው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አገራችን ላይ ሲካሄድ የሲዳማው ገበሬ ንጉሤ ገመዳ አሸነፈ። ቡናው በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ገደማ ተሸጠ። ገዢው ያን ያህል የከፈለው ማን እንዳመረተው፣ የት እንዳመረተው፣ እንዴት እንዳዘጋጀው ተጽፎ ስለቀረበለት ጭምር ነው። ስሙ ሳይጻፍ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ቢሄድ ኖሮ ያን ዋጋ አያይም ነበር።

«ለቱሪስት ነው» የሚለውንም አንድ ነገር ይመልሰዋል። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ትልቁ ጠጪ እዚሁ ነው ያለው። የሚመዘገበውም መጀመሪያ ለእኛው ነው፤ ለዚያች ጎጆ ለወጣችው ልጅ፣ ጀበናውን ጥላ ሌላ እንዳትገዛ።

ጸሐፊው «ቢባልስ ከየት ይጀመራል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ለጎንደር እኔ እንዲህ እላለሁ። አንድ ሰው ወለቃ ይሂድ። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ ምን እንደሚቀላቀልበት፣ በስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚተኮስ ይጠይቅ፤ የሠሪዋን ስም ከእነ እናቷ ስም ይጻፍ። ጀበናው በአንገቱ የሚቀዳ ነው ወይስ ለብቻው መቅጃ ጡት አለው? ይሣለው። ሌላው አዲስ ዓለም ወርዶ ከነጋዴ ቤተሰብ አዛውንት ጋር ይቀመጥ። ሌላው ከደብር ካህን ጋር ይቀመጥ፤ ስለ ክልከላው አያታቸው ምን ይሉ እንደነበር ይስማ። አንዱ ጣናን ተሻግሮ ዘጌ ይግባ። ስልክ ካለ ድምፅ መቅዳት ይቻላል፤ ደብተር ካለ መጻፍ ይቻላል። ከተናጋሪዎቹ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የተቀዳውም በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ እንዳይቀር ቅጂው ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፣ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ። ጸሐፊውም የእናታቸውን ጤና አዳም ቡና ቢጨምሩልን ደስ ይለኛል። ምን ያህል ቅጠል፣ በየትኛው ሲኒ፣ ለማን ብቻ እንደሚጨመር፤ ይህን ጽሑፋቸው አልነገረንም።